አዲሱ የድርጅታችን ሌተርሄድ ላይ አድራሻው እንዴት ይቀመጥ?

የአያቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

የምሠራው የጥርስ ሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰባት ሠራተኞች ነን። ደብዳቤ የምጽፈው፣ ስልክ የማነሳው፣ ማህተም የምይዘው እኔ ነኝ። ቢሮአችን ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አያት ተዛወርን። የድሮው ወረቀት አድራሻ ስለማያገለግል ከሁለት ወር በፊት አዲስ ሌተርሄድ (አርማና አድራሻ ያለበት የደብዳቤ ወረቀት) አሳተምን። 4 ሪም፣ ማለትም 2,000 ወረቀት። ለአራት ሰው ቢዝነስ ካርድም አብሮ።

ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። ግን ከመጣ ጀምሮ አንድ ሳምንት እንኳ በሰላም አልዋልንም።

ኢስታንቡል ያለው አቅራቢያችን ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባለትም። በኢሜይል "ቁጥራችሁ ይሠራል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ አንድ ባንክ ያስገባነውን ደብዳቤ መለሰብን። የድርጅቱ ስም በእንግሊዝኛው በኩል ከንግድ ፈቃዱ በአንድ ፊደል ይለያል አሉ። ሄጄ ሳመሳክር እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰነድ ይዞ የመጣ ሞተረኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲዞር ቆየ። ወረቀቱ "የካ ክፍለ ከተማ" ይላል። እኛ ያለነው ለሚ ኩራ ነው። ዲዛይነሩ የጻፈው አከራዩ ከሰጡን የቆየ ውል ላይ ገልብጦ ነው።

አሁን ያለው አቀማመጥ እንዲህ ነው። አርማው መሃል ላይ፣ የአማርኛው ስም በግራ፣ የእንግሊዝኛው በቀኝ። ስልክ፣ ፋክስ፣ ኢሜይልና የፖስታ ሳጥን ቁጥር በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ቁልቁል ተጽፈዋል፣ በግራጫ ቀለም። ግርጌ ላይ ወፍራም አረንጓዴ መስመር አለ። በውስጡ በነጭ የሥራ ሰዓታችንና የሥራ አስኪያጁ ሞባይል ገብቷል።

ሥራ አስኪያጃችን ትልቅ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። "ሰው ጠይቂና በደንብ አድርገን እንደገና እናሳትመው" ብቻ አሉኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር አለ። በአማርኛው በኩል ስልክ ቁጥሩ በግዕዝ ቁጥር ቢጻፍ ደስ ይላቸዋል።

የትኛው አድራሻ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ? ስልክ እንዴት ይጻፍ? ፋክስና ፖስታ ሳጥን ዛሬም ያስፈልጋል? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርስ? ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን እፈልጋለሁ። የታተመው ሁሉ በእኔ ፊርማ ነው ያለፈው።

መዝገብ ቤት

ሰላም እህቴ። እኔ የማውቀው በተቀባዩ በኩል ያለውን ነው። 14 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ደብዳቤሽ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ልንገርሽ።

መጀመሪያ የገቢ ማህተም ይመታበታል፤ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል። ይህ ባዶ ያገኘንበት ጥግ ላይ ያርፋል። ከዚያ ኃላፊው ዘንድ ይገባል። እሳቸው እዚያው ወረቀቱ ላይ ይመሩበታል፤ "ለእገሌ፣ ታይቶ ይቅረብ" ብለው ይፈርማሉ። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። አንዳንዴ የኮፒው ኮፒ። በመጨረሻ በግራ በኩል በፓንች ሁለት ቦታ ይበሳና ፋይል ውስጥ ይገባል።

ስልካችሁ በግራ ጠርዝ ቁልቁል ነው ብለሻል። እዚያ ነው ፓንቹ የሚያርፈው። ከስልክ ቁጥራችሁ መሃል ሁለት ሦስት ዲጂት ወልቆ ይሄዳል። ይህንን በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መልስ ለመስጠት አስቤ ፋይሉን ስከፍት ቁጥሩ ላይ ቀዳዳ። በግራጫ የተጻፈው ደግሞ ኮፒ ሲደረግ ይጠፋል። ጥላ ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላው ግርጌ ነው። አማርኛ ደብዳቤ "ከሰላምታ ጋር" ብሎ አይቆምም። ፊርማ አለ፣ ቲተር (የስምና የኃላፊነት ማህተም) አለ፣ ክብ ማህተም አለ፣ ከዚያ በግራ በኩል "ግልባጭ" ይከተላል። ግልባጩ አራትና አምስት ክፍል ሲሆን ቁልቁል ይወርዳል። ግርጌው ወፍራም ከሆነ ማህተሙ ስልኩ ላይ ይወድቃል። ሰማያዊ ቀለም በአረንጓዴ መስመር ላይ ሲመታ አንዱም አይነበብም። እኛ ደግሞ ማህተሙ ካልተነበበ አንቀበልም።

ከላይ በቀኝ በኩል "ቁጥር" እና "ቀን" የሚሉት ሁለት መስመሮች ይኑሩ። ከጎናቸውም ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉ። የናንተ ደብዳቤ የሚፈለገው በወጪ ቁጥሩ ነው።

ጥራዝና ቀለም

እህቴ፣ መዝገብ ቤት የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ዲዛይነሮች የማያዩት ያንን ነው።

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከ1996 ጀምሮ አለሁ። ጥራዝ ክፍል ነው የገባሁት፤ አሁን ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት የሚወጣውን የሙከራ ቅጂ) የማየው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ በ1998 መስከረም፣ የአገሩ ስልክ ወደ 10 ዲጂት ተቀየረ። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ዲጂት የነበረው ሰባት ሆነ፤ ከፊቱ 011 መጣ። ያን ጊዜ የከተማው ድርጅት ሁሉ ወረቀት፣ ፖስታ፣ ካርድ ይዞ መጣ። ሌሊት ሁሉ እንሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ ቁጥር ሳይ እጄ ሳያስበው መቁጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ከስልኩ ልጀምር። አገር ውስጥ ሲጻፍ 10 ዲጂት ነው፤ በ0 ይጀምራል። 011 የአዲስ አበባ፣ 09 እና 07 ሞባይል። ለውጭ አገር ሲጻፍ +251 ይገባል፤ ያኔ 0 ይወጣል። ከ+251 በኋላ 9 ዲጂት ብቻ ነው የሚቀረው። ከዘጠኝ ከበለጠ ወይም ካነሰ ስህተት ነው። ወረቀትሽን አውጪና ቁጠሪ። እንደምገምተው +251 ተብሎ ከኋላው 011 ተጽፏል። የኢስታንቡሉ ሰውዬ የተቸገረው በዚያች ዜሮ ነው።

ክፍተቱም ዋጋ አለው። እኛ ስልክ ስናነብ ሁለት ሁለት እያደረግን ነው። "ዜሮ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ" እንላለን። አጻጻፉም እንደዚያው ቢከፋፈል የሚደውለው ሰው አይሳሳትም። 10 ዲጂት ተጣብቆ ሲጻፍ ዓይን መሃል ላይ ይጠፋዋል። ሰረዝና ነጥብ አታብዢ፤ ባዶ ቦታ ይበቃል። "00/01/02" እያሉ ሦስት መስመር በአንድ መጻፍም ይቅር። እኛ እናውቀዋለን፤ የማያውቅ ሰው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይደውለዋል።

የሥራ አስኪያጁ የግዕዝ ቁጥር ሐሳብ ደስ ብሎኛል፤ ቁጥራችንን የሚወድ ሰው ናቸው። ግን ስልክ በግዕዝ ቁጥር አይጻፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ስልካችን ደግሞ በዜሮ ነው የሚጀምረው። አሥር ራሱን የቻለ ፊደል አለው፣ ሃያም፣ መቶም። ተራ በተራ የሚደረደሩ አይደሉም። ከፈለጉ ድርጅቱ የተመሠረተበትን ዓመት ከአርማው ሥር በግዕዝ ቁጥር አድርጉላቸው። ያምራል። 2017 ለምሳሌ ፳፻፲፯ ይሆናል። በስንት እንደተቋቋማችሁ ንገሪኝና እኔ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ወደ አድራሻው። ንግድ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪ። ኃ/የተ/የግ/ማ የሚለውንም ፈቃዱ ላይ እንዳለው። ዲዛይነር ከጆሮው የሰማውን ነው የሚጽፈው። በእንግሊዝኛ አንድ "ኤች" ሲጨምር ወይም "ኢ" የነበረው "ኤ" ሲሆን ለእሱ ምንም አይደለም። ለባንክ ግን ሌላ ድርጅት ነው። የካና ለሚ ኩራም እንደዚያው። ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ያላስተካከሉ ብዙ ናቸው። ይኸው ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ከፈቃዱ "ለሚ ኩራ"፣ ከወረቀቱ "ቦሌ"፣ ከማህተሙ ደግሞ ቀበሌ ይዞ መጣ። ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀየርኩት። ማህተማችሁ ላይ ምን እንዳለ እዪ፤ እስካሁን አልነገርሽንም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የሕንፃው ስም፣ ፎቅና ክፍል። ሞተረኛው የሚፈልገው ከሕንፃው ስም ጀምሮ ያለውን ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ከፊተኛው ነው። ሁለቱም ይግቡ። "ከእገሌ ሱቅ ፊት ለፊት" የሚለውን ግን ሌተርሄድ ላይ አታድርጊ። ዶሮ ማነቂያ የነበርሽ ሰው ይህንን ለእኔ ልትነግሪኝ የምትችይ ነሽ። ፊት ለፊት ያለው ሲፈርስ አድራሻሽም አብሮ ይፈርሳል። ምልክቱን በስልክ ተናገሪው ወይ በቴሌግራም ካርታውን ላኪ።

ፋክሱ ዛሬም ተሰክቶ ይሠራል? ካልሠራ ይውጣ። ፖስታ ሳጥን ኪራዩ በየዓመቱ የሚከፈልና በሳምንት አንዴ የሚከፈት ከሆነ ይቆይ፤ ደብዳቤ በፖስታ የሚልክልሽ ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው። ካልሆነ ግን ሰው ደብዳቤ ልኮ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይገባበታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሌተርሄድ ላይ ባይኖር ችግር የለውም። ሁልጊዜ ጨረታ የምትገቡ ከሆነ ግን ትንሽ ሆኖ ግርጌ ላይ ቢቀመጥ ይጠቅማችኋል። ደረሰኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ያለ ገቢዎች ፈቃድ አይታተምም።

የሥራ አስኪያጁ ሞባይል ይውጣ። ሞባይል የሰው ነው። ሰው ይታመማል፣ ጡረታ ይወጣል። አንድ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛዋን ቁጥር 5,000 ፖስታ ላይ አሳተመ። ልጅቷ ሥራ ለቀቀች፤ ቁጥሩ በራሷ ስም ስለነበር ይዛው ሄደች። ደንበኛው ሁሉ ለዓመት እሷ ጋ ሲደውል ኖረ። ሞባይል የግድ ከሆነ ሲሙ በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ ቀፎውም ቢሮ ይቀመጥ። የየሰዉ ሞባይል ቢዝነስ ካርድ ላይ ነው ቦታው።

ስለ ፊደሉ ደግሞ። አማርኛ በጣም ሲያንስ ይደፈናል። "ጭ" እና "ጪ"፣ "ሕ" እና "ሐ" አይለዩም። እንግሊዝኛው በ7 የፊደል መጠን ቢነበብ አማርኛው 9 ይፈልጋል። በነጭ ፊደል በቀለም ውስጥ መጻፍ ለኦፍሴት ማተሚያ ከባድ ነው። ቀለሙ ትንሽ ሲፈስ ነጩን ይውጠዋል። ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን። ዲዛይነሩ በፓወር ግዕዝ ፎንት ከጻፈ ፋይሉን ከርቭ አድርጎ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ሥዕል ቀይሮ ይላከው። ያለዚያ እኛ ጋ ሲከፈት ፊደሉ የማይገባ ነገር ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ያንን ለማስተካከል እንደገና ሲተይብ ነው ብዙ ስህተት የሚገባው።

አሁን ዋናው ነገር። ፕሩፉ ሲወጣ አትፈርሚ። ስልክሽን አውጪና ከወረቀቱ ላይ እያየሽ ደውዪ። ስልክሽ ላይ ካስቀመጥሽው አይደለም፤ ከወረቀቱ። ጣትሽን ቁጥሩ ላይ አድርጊ፣ አንድ በአንድ ንኪ። ኢሜይሉንም ከወረቀቱ ላይ ገልብጠሽ ላኪበት። እኔ ደንበኛ ሁሉ ፊቴ እንዲደውል አደርጋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ "ቁጥሬን አላውቅም እንዴ?" ብለው ተቆጡ። ለመንኳቸው፤ ደወሉ። አንዲት እናት አነሱ። "ማን ልበል?" ይላሉ፤ ከኋላቸው ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። አንድ 6 በ9 ተቀይሮ ነበር። ሰውዬው ስልኩን ዘግተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። 3,000 ወረቀት ሊታተም ፕሌቱ ተዘጋጅቶ ነበር።

ፕሩፉን ደግሞ ፎቶ ኮፒ አድርጊው። የኮፒውን ኮፒ አንሺ። ማህተም ምቺበት፣ ቲተር ምቺበት፣ በፓንች ብሺው። ከዚያ በኋላ የሚነበበው ነው ሌተርሄድሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ ከሜሪላንድ። እኔ ከአዲስ አበባ ቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ አስመጣለሁ። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የአዲስ አበባ ነጋዴ ካርድ ሞልቷል። ጥራዝና ቀለም ስለ ዜሮዋ ያለው እውነት ነው፤ ልጨምርበት።

አንዳንዱ +251 ብሎ ዜሮዋን በቅንፍ ያስገባታል። ማብራራቱ ነው። ግን ፈረንጁ ቅንፉን አያውቀውም፤ ከነዜሮዋ ይደውላል። እዚህ ያደገችው ልጄ እንኳን አላወቀችም። ቅንፍ ይቅር። በእንግሊዝኛው በኩል የ+251ን ብቻ፣ በአማርኛው በኩል የ0ን ብቻ አድርጉ። አራት ዲጂት ያላቸው አጭር ቁጥሮች ደግሞ ከዚህ አይሠሩልኝም። ለአገር ቤት ደንበኛ ጥሩ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሙሉው ቁጥር አብሮ ይኑር።

እህቴ የሥራ ሰዓት ጽፈናል ብለሻል። በእንግሊዝኛው በኩልም "2፡30 – 11፡30" ነው የተጻፈው? ይህ እኔንም አንድ ጊዜ ጎድቶኛል። እኔ ሐበሻ ነኝ፤ ጠዋት ሁለት ተኩል መሆኑን አውቃለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ፈረንጅ ናት። ከቀኑ ስምንት ተኩል እስከ ምሽቱ አምስት ተኩል ክፍት ነው ብላ ሦስት ቀን ሙሉ በእኛ ቀትር ላይ ደወለች። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ መሽቶ ቢሮው ተዘግቷል። በእንግሊዝኛው 8፡30 እና 5፡30 መሆን አለበት፣ ጠዋትና ከሰዓት የሚል ምልክት ተጨምሮበት። ባይኖር ደግሞ ይሻላል። ሌተርሄድ ላይ ሰዓት ምን ይሠራል?

ቀኑም እንደዚያው ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ከሆኑ "ቀን" የሚለው አንድ መስመር አይበቃም። በአማርኛው መስመር ዓ.ም. የሚል ይታተምበት፤ ለእንግሊዝኛው የራሱን መስመር ስጡት። ሰባትና ስምንት ዓመት የሚለያይ ቀን ያለው ደብዳቤ ይዤ እዚህ ባንክ ውስጥ ለማስረዳት የቆምኩት መቆም አይረሳኝም።

በመጨረሻም በእንግሊዝኛው አድራሻ ላይ "ኢትዮጵያ" የሚል ይኑር። አዲስ አበባ ብቻ ይልና ያቆማል። እኛ አዲስ አበባን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ዕቃ የሚያመላልሰው ድርጅት ሠራተኛ ግን አገሩን ነው ቀድሞ የሚፈልገው።

የአያቷ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ? ወረቀቱን አውጥቼ ቆጠርኩት። ጥራዝና ቀለም እንዳሉት ከ+251 በኋላ 10 ዲጂት ነው። ዜሮዋ ቁጭ ብላለች። ሰዓቱም ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳሉት በእንግሊዝኛ 2፡30 ነው የሚለው። ፓንችም ሞከርኩ። ቀዳዳው በቀጥታ ስልኩ ላይ አረፈ።

ማህተማችን ላይ ያለው "አዲስ አበባ – ኢትዮጵያ" ብቻ ነው፤ ክፍለ ከተማ የለውም። እሱስ ተርፏል። የግዕዝ ቁጥሩን ነገር ለሥራ አስኪያጁ ሳስረዳቸው ቁጭ ብለው "ለካ ዜሮ የለውም!" አሉ። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሲጽፉ ቆዩ። የተቋቋምነው በ1994 ነው፤ እንዲጻፍልን ይፈልጋሉ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። በእጃችን ያለው ወደ 1,700 ወረቀት ምን ይሁን? በላዩ ላይ ስቲከር ብንለጥፍስ? ካርዱ ላይ ደግሞ ኪውአር ኮድ ይጠቅማል ወይስ ጌጥ ነው?

ጥራዝና ቀለም

1994 ማለት ፲፱፻፺፬ ነው። ከአርማው ሥር ትንሽ ሆኖ ይግባ።

ስቲከር አይሆንም። ይላጣል። ደግሞ የተለጠፈበት ደብዳቤ ባንክ ውስጥ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ሥሩ ምን አለ ይላሉ። ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ውሰጂው። ራስጌው በማሽን ይቆረጥ፤ የቀረው ለሁለት ይከፈል። ጀርባው ንጹህ ነው። በሙጫ ከላይ ይያዝና የማስታወሻ ፓድ ይሆንላችኋል። ለዓመት ስልክ መጻፊያ አትገዙም። የተቆረጠውን ራስጌ ግን እዚያው ፊትሽ ይቆራረጥ። የድርጅት ስምና አርማ ያለበት ባዶ ወረቀት እንደ ቁልፍ ነው። ውጭ አይጣልም።

የሚቀጥለውን 4 ሪም አታሳትሚ። 1 ሪም ይበቃል። ወይም ደግሞ እንዲህ አድርጉ፦ አርማውና ስሙ በኦፍሴት በጥሩ ወረቀት ይታተም። አድራሻው ግን ከኮምፒውተሩ ግርጌ ላይ አብሮ ይውጣ፣ ደብዳቤው ሲወጣ። ቢሮ ብትቀይሩ ወረቀቱ አይጣልም። ተከራይ ለሆነ ድርጅት ይህንን ነው የምመክረው። ለአንድ ሁለት ደንበኛ አድርጌው ወደውታል።

ኪውአር ጠቃሚ ነው፤ የሚደውለውን ሰው ከመተየብ ያሳርፈዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አንዳንዱ ኮድ አድራሻውን በውስጡ አይዝም፤ ወደ አንድ ድረ ገጽ ነው የሚመራው። የድረ ገጹ ክፍያ ሲያልቅ ኮዱ ይሞታል። ካርዱ ግን ሰው ኪስ ውስጥ አለ። ስምና ስልኩን በራሱ ውስጥ የያዘውን እንዲያደርግልሽ ዲዛይነሩን ጠይቂው። ካርዱ 9 በ5 ሴንቲ ከሆነ ኮዱ ከ2 ሴንቲ አይነስ። ዙሪያውንም ነጭ ይተው። በሦስት ዓይነት ስልክ ሞክሪው፣ አንዱ አሮጌ ይሁን።

መዝገብ ቤት

ስለ ራስጌው የተባለው ትክክል ነው። ባዶ ሌተርሄድ ቆልፉበት። ቁልፉ ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ይሁን።

የአያቷ

እሺ። ከዲዛይነሩ ጋር ቁጭ ብለን አዲሱን ሠራን። ግራ ጠርዙ ባዶ ነው። ግርጌው ሁለት መስመር ብቻ ሆነ፣ በጥቁር። አረንጓዴው እንደ ክር ቀጠነ። እንዲህ ይነበባል። ቁጥሮቹን እዚህ በዜሮ ተክቻቸዋለሁ፤ አከፋፈሉ ግን ፋይሉ ላይ እንዳለው ነው። እንግሊዝኛውንም ለናንተ በአማርኛ ጻፍኩት።

በአማርኛው በኩል፦
አዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ ክ/ከተማ፣ ወረዳ 00፣ የቤት ቁ. 000፣ የሕንፃው ስም፣ 3ኛ ፎቅ፣ ክፍል 00
ስልክ፦ 011 000 00 00 • ፖ.ሳ.ቁ. 0000

በእንግሊዝኛው በኩል፦
የሕንፃው ስም፣ 3ኛ ፎቅ፣ ለሚ ኩራ፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ
ስልክ፦ +251 11 000 00 0 • ኢሜይል

ፋክሱ ወጣ። ሰዓቱ ወጣ። የሥራ አስኪያጁ ሞባይል ወጣ፤ እሳቸው ራሳቸው "ይገላግለኝ" አሉ። ፕሩፉ ነገ ይመጣል።

ጥራዝና ቀለም

በጣም ጥሩ ነው። አማርኛው ደርሷል።

የእንግሊዝኛውን ስልክ ግን ቁጠሪው። ከ+251 በኋላ 8 ዲጂት ነው ያለው። እዚህ ስትጽፊው ነው የጎደለው ወይስ ፋይሉ ላይም እንዲሁ ነው?

የአያቷ

አሁን ፋይሉን ከፍቼ አየሁ። ፋይሉ ላይም ጎድሏል ጋሼ። ዜሮዋን ስናወጣ ከኋላ አንድ አብሮ ተሰርዟል።

አስተካክለነዋል። ፕሩፉ ሲመጣ ከወረቀቱ ላይ እያየሁ እደውላለሁ። ለኢስታንቡሉም ፎቶውን ልኬ ከዚያ እንዲደውልልኝ እጠይቀዋለሁ።